ለሚዜ የሚሰጥ ሰንጢ

አሜሪካ ውስጥ ሙሽራ ለሚዜዎቹ ማስታወሻ የሚሆን ዕቃ መስጠቱ የተለመደ ነው። እዚያ የሚዳሩ የእኛ ልጆችም ልማዱን ይዘውታል። አንዱ ክራቫት ይገዛል፣ ሌላው የእጅ ሰዓት፣ ሌላው ደግሞ ስም የተቀረጸበት ሰንጢ። እኔ ከሦስቱ ሰንጢውን እመርጣለሁ። ክራቫት በሠርጉ ማግሥት ቁም ሣጥን ይገባል። ሰንጢ ግን ብርቱካን ሲላጥ፣ ገመድ ሲቆረጥ፣ ካርቶን ሲከፈት ከኪስ ይወጣል፤ በወጣ ቁጥርም ሰጪውን ያስታውሳል።

ስድስት ሚዜ ላቆመ ሙሽራ ታዲያ ዋጋው ቀላል አይደለም። አዳራሹ፣ ልብሱና ቪዲዮው ኪሱን አራቁተውታል። እንዲህ ባለ ጊዜ ዐይን የሚስበው በሚያምር ሣጥን የታሸገው፣ የሚያብረቀርቀው ርካሽ ሰንጢ ነው። የዚህ ዓይነቱ ብረት ብዙ ጊዜ ለስላሳ ነው፤ ጥቂት ካርቶን እንደቆረጠ ይዶለዱማል፣ ማጠፊያውም ይላላል። የወዳጅን ስም ዱልዱም ብረት ላይ አስጽፎ መስጠት ያሳዝናል። ገንዘብ ካጠረ ከሣጥኑ ይቀነስ እንጂ ከስለቱ አይቀነስ። ስም ሳይቀረጽበት 20 ዶላር ገደማ የሚያወጣ፣ ስለቱ ግን የማያሳፍር አንድ ሰንጢ አለ፤ ኦፒኔል ይባላል።

ኦፒኔል የፈረንሳይ ተራራማ አገር የሳቯ ልጅ ነው። ዦዜፍ ኦፒኔል የቀጥቃጭ ልጅ ነበር፤ አባቱ ለአካባቢው ሰው መጥረቢያና የመሳሰለውን ስለታም መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ልጁ እ.ኤ.አ. በ1890፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ የእንጨት እጀታ ያለው ተጣጣፊ ሰንጢ ሠራ። በ1897 ከ1 እስከ 12 በቁጥር የተለዩ መጠኖች አወጣለት። ቁጥር 1 እጅግ ትንሽ ስለነበር፣ ቁጥር 11 ደግሞ ከጎረቤቶቹ ብዙም ስላልተለየ ኋላ ላይ መሠራታቸው ቀርቷል። ከ1909 ጀምሮ ስለቱ ላይ ዘውድ የተደፋበት እጅ ይታተማል። እጁ የተወሰደው በአቅራቢያው ካለችው የሴን ዣን ደ ሞርየን ከተማ ዓርማ ነው፤ ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከመጥምቁ ዮሐንስ ሲሆን፣ ካቴድራሏም የቅዱሱ ጣቶች ያሉበት መሆኑ ሲነገርለት የኖረ ነው። ዘውዱ የሳቯ መስፍኖች ነው።

አሠራሩ ሲታይ ይህን ያህል ዕድሜ የኖረበት ምክንያት ይገባል። ያለው አምስት ክፍል ብቻ ነው፦ እጀታ፣ ስለት፣ ሁለቱን የሚያያይዝ ችንካር፣ አንገቱ ላይ የተጣበቀ የብረት ቀለበትና ከእሱ ላይ የሚሽከረከር ሌላ ቀለበት። ይህን የመጨረሻውን ከዚያው ቤተሰብ የሆነው ማርሴል ኦፒኔል በ1955 ጨመረው። ሰንጢው ተከፍቶ ቀለበቱ ሲዞር ስለቱ ይቆለፋል፤ ሥራ ላይ ሳለ ታጥፎ ጣት አይቆርጥም።

ለስጦታ ቁጥር 8 ልክ ነው። ስለቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለኪስ አይከብድም፣ ለእጅም አያንስም። በሁለት ዓይነት ብረት ይሠራል። አንደኛው ካርቦን የሚባለው ነው፤ በቀላሉ ይሳላል፣ ግን እርጥብ ከተተወ ይዝጋል፣ ሎሚ ሲቆርጥም ይጠቁራል። ሁለተኛው ኢኖክስ የሚባለው፣ የማይዝገው ነው። ሚዜዎቻችሁ ሁሉ ቢላ ወልውለው የሚያስቀምጡ ካልሆኑ ኢኖክሱን ውሰዱ። እጀታው ቢች የሚባል ዛፍ እንጨት ስለሆነ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ያኔ ስለቱ አልወጣ ይላል። የሳቯ ሰዎች የእጀታውን ጫፍ ጠረጴዛ ላይ መታ አድርገው ያወጡታል።

አሁን ወደ ስሙ። ቢች ፈዛዛ እንጨት ነው፤ የሌዘር ጨረር ገጹን በስሱ ሲያቃጥለው ፊደሉ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ጎልቶ ይታያል። ስለቱ ላይም ማስቀረጽ ይቻላል፤ ግን ሰንጢው ሲታጠፍ ይደበቃል፤ ስለዚህ እጀታው ይሻላል።

በአማርኛ ሲሆን ግን ጥንቃቄ ያሻል። የቀራጩ ኮምፒዩተር የግዕዝ ፊደል ከሌለው ስሙ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ይወጣል። አንድ ወዳጄ ለሚዜዎቹ ያዘዘው እንዲህ ሆኖ ደርሶት፣ ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው በላቲን ፊደል አስጽፎ ተገላገለ። መላው ቀላል ነው፤ በመረጣችሁት የፊደል ቅርጽ ጻፉና ወደ ሥዕል ለውጣችሁ ላኩ፤ ከመቀረጹ በፊትም ናሙናውን አሳዩን በሉ። የመጠሪያ ስሙ ብቻ ይበቃል። ከነአባት ስም ሲታጨቅ ፊደሉ ያንሳል፤ እንደ ጬ፣ ኧ፣ ሏ ያሉት ፊደሎች ቅጥያቸው ይደፈናል።

ከሁሉም በላይ ግን ባለስሙን ጠይቁት። ኃይሉና ሀይሉ፣ ዓለሙና አለሙ፣ ፀጋዬና ጸጋዬ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ባለቤቱ ግን የራሱን ፊደል ያውቃል፣ በሌላ ሲጻፍበትም ይሰማዋል። የሠርጉን ቀን ለመጨመር ለፈለገ «ጥር 2017» ዓይነት አጭር ጽሑፍ ይበቃል፤ ቦታ ካለና ከወደዱት ዓመቱ በግዕዝ አኃዝ ፳፻፲፯ ተብሎ ሲቀረጽ ያምራል።

ሚዜዎቹ የሚኖሩበትን አገርም አስቡ። እንግሊዝ ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ የሚያዘው፣ ስለቱ ከ7.62 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥና የማይቆለፍ ተጣጣፊ ሰንጢ ብቻ ነው። ኦፒኔል ቁጥር 8 በሁለቱም ይወድቃል። ለንደን ላለ ሚዜ የቪክቶሪኖክስ ትንሿ የኪስ ሰንጢ ትሻለዋለች፤ አትቆለፍም፣ ስለቷም አጭር ናት። በአሜሪካ ሕጉ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያያልና ከመግዛታችሁ በፊት አጣሩ።

ከሌላ ከተማ በአውሮፕላን ለሠርጉ የመጡ ሚዜዎች ካሉ ደግሞ ሰንጢውን ስትሰጧቸው አስጠንቅቋቸው፦ ሲመለሱ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይክተቱት፤ በእጅ ሻንጣ ከያዙት ፍተሻ ላይ ይቀራል።