የቡድን ሥራ፦ አምስት ስም፣ አንድ ሠሪ

አስተማሪ ሳለሁ አንድ የቡድን አሳይመንት ደረሰኝ። ሽፋኑ ላይ የአምስት ተማሪዎች ስም ከነመታወቂያ ቁጥራቸው ተደርድሯል። ሥራው ጥሩ ነበር። ከአምስቱ አንዱን ጠርቼ «ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለውን እስኪ አስረዳኝ» ስለው ዝም አለ። ለካ ጽሑፉን የሠራችው አንዲት ተማሪ ብቻ ናት፤ የቀሩት ለፕሪንት ብር አዋጥተዋል።

ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አልነበረም። ርዕስ ሰጥቼ፣ ቀን ቆርጬ፣ ለሁሉም እኩል ማርክ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ችግሩ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው የግብርና መሐንዲስ ማክስ ሪንግልማን እ.ኤ.አ በ1913 ባሳተመው ጥናት፣ ገመድ የሚጎትቱ ሰዎች ሲበዙ የእያንዳንዱ ድርሻ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ማን ምን ያህል እንደሠራ በማይለይበት ቦታ ሰው ይዘናጋል።

ታዲያ የቡድን ሥራ ይቅር? አይቅር። ተማሪ ያልገባውን ነገር በደንብ የሚያውቀው ለጓደኛው ሊያስረዳ ሲሞክር ነው። የሚቀየረው አሠራሩ ነው።

እ.ኤ.አ በ1971 በአሜሪካ ኦስቲን ከተማ፣ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች በአንድ ክፍል መማር ሲጀምሩ ውጥረት ነገሠ። የሥነ ልቦና ምሁሩ ኤልየት አሮንሰን ትምህርቱን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ የቡድን አባል አንድ ቁራጭ ብቻ ሰጠ። ሁሉም ሙሉውን ለማወቅ የግድ ሌላውን ማዳመጥ ነበረበት። ዘዴው «ጂግሶው» ይባላል፤ ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎችም ይሠራበታል።

መምህራን ከዚህ ተነስተው ሦስት ነገር ማድረግ ይችላሉ። አንደኛ፣ የእያንዳንዱን ተማሪ ድርሻ ከመጀመሪያው በጽሑፍ መለየት። ሁለተኛ፣ ሥራው ሳያልቅ መሐል ላይ የደረሱበትን ማየት። ሦስተኛ፣ በመጨረሻ በዕጣ የወጣውን ተማሪ ስለ ጓደኛው ድርሻ መጠየቅ፤ ማርኩንም ከፊሉን ለቡድኑ፣ ከፊሉን ለግለሰቡ መስጠት።

ለተማሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። «ስሜን ጻፊልኝ» የሚል ጓደኛ ሲመጣ መጻፉ ውለታ ይመስላል። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ በአገራችን የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። እዚያ የሚቀመጠው ብቻውን ነው። ስሙን ከመጻፍ ይልቅ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ድርሻውን ስጪው፤ ካቃተው አብራችሁ ተቀመጡ። ያልሠሩትን ሠራሁ ብሎ መፈረም አማናን ማጉደል ነው፤ ጓደኛን ለዚህ አለመተባበር ደግሞ እርሱን መርዳት ነው።