የአራስ ቤት ሰንበት

ወዳጄ ሆይ፤ ተማሪ ሳለህ «ሥራ ስይዝ ዐርፋለሁ» ትል ነበር። ደመወዝ ከጀመርህ በኋላ ደግሞ «ትዳር ይዤ ልጅ ስወልድ ቤቴ ይሞቃል» አልህ። ቤትህስ ሞቀ፤ እንዲያውም ከልክ አለፈ። ሕፃኑ ከጓዳ ያለቅሳል፤ አማትህ ቅቤና የአጥሚት እህል አስጭነው ከአገር ቤት መጥተዋል፤ ትምህርት ሊገባ የመጣው የአጎትህ ልጅ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፎ ይተኛል። አንተ ግን ጧት በ2 ሰዓት ከመሥሪያ ቤት ጠረጴዛህ መገኘት አለብህ። ይህን የምጽፍልህ እኔም በዚያ ቤት ስላለፍሁ ነው።

የመጀመሪያ ልጄ የተወለደ ጊዜ ዕረፍትን እንደ ትርፍ ገንዘብ እቈጥረው ነበር፤ ሥራ ሲያልቅ የሚተርፍ ይመስለኝ ነበርና። ሥራው ግን አላለቀም። አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀንና በሌሊት ከ14 እስከ 17 ሰዓት ይተኛል ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እንቅልፉ የተቈራረጠ መሆኑን፣ በየ2 እና በየ3 ሰዓቱ እየተነሣ በአንድ ቀንና ሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ እንደሚጠባ የነገረኝ አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት መዝገብ ላይ ተኝቼ አለቃዬ ቀሰቀሱኝ።

ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው፤ ጸሎት ተውሁ። ክጄ አይደለም። ማታ ማታ ዳዊት መድገም የለመድሁ ሰው መጽሐፉን ስገልጥ ፊደሉ እየተደበላለቀብኝ ዐጠፍሁት፤ ዐጥፌውም ዐፈርሁ፤ ስላፈርሁም ጨርሼ ሸሸሁ። እንዲህ ያለው ሽሽት ያንተም ሳይሆን አይቀርም።

የነፍስ አባታችን ሊጠይቁን ጎራ ባሉ ጊዜ ነገሩን ነገርኋቸው። ይቈጡኛል ብዬ ስጠብቅ ሣቁ። ወደ ጓዳው መጋረጃ እያመለከቱ፥ «እርሷ አርባ ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ እግዚአብሔር የረሳት ይመስልሃል?» አሉኝ። «እንግዲያስ አንተም ዳዊቱን አቈየውና አባታችን ሆይ በል፤ እርሱንም ሕፃኑን እንዳቀፍህ በለው።»

ይህን ቃል ብዙ ጊዜ አሰላስዬዋለሁ። በኦሪት ዘሌዋውያን የተጻፈው ሥርዓት ወንድ ለወለደች 7 ቀንና 33 ቀን፣ ሴት ለወለደች 14 ቀንና 66 ቀን ይቈጥራል፤ ወንዱ በ40 ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና የሚነሡትም በዚሁ ቍጥር ነው። ሐኪሞች በበኩላቸው የወለደች ሴት ሰውነት እስኪመለስ 6 ሳምንት፣ ማለት 42 ቀን ይቈጥራሉ። የሰማንያውን ምሥጢር ሊቃውንቱ ያስረዱህ፤ እኔ ግን የሴት ልጅ እናት ዕጥፍ ዕረፍት ማግኘቷን አልጠላሁትም። ሙስሊም ጎረቤትህ ቤትም አራስ ከሶላትም ከጾምም ነጻ ናት፤ ጾሙን በኋላ ትከፍላለች፤ ሶላቱን ግን ክፈዪ የሚላት የለም።

ስለ ሰንበትም ላስታውስህ። በ14ኛው መቶ ዓመት የነበሩት አባ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርታቸው ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር ትከበር በማለታቸው ብዙ መከራ አዩ፤ ኤዎስጣቴዎስም አገር ለቀው ተሰደው ያረፉት በአርመን ምድር ነው። ነገሩ የተቈረጠው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1450፣ የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ በወሰነ ጊዜ ነው። ገበሬውም እርሻው አለቀ አላለቀ ሳይል፣ ቀኑ ሲደርስ ሞፈሩን ይሰቅላል። እነዚያ አባቶች ለአንድ የዕረፍት ቀን ተሰደዋል፤ እኔና አንተ ግን ስለ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአንድ እንግዳ ጋር መከራከር ያስፈራናል።

ከእንግዳ አልሁህ? አዎን፤ የአራስ ቤት ትልቁ ችግር እርሱ ነው። ገንፎው፣ እልልታው፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» መባሉ መልካም ነው፤ ማንም አይንካው። ነገር ግን ከሥራ መልስ መጥቶ እስከ ማታ 3 ሰዓት የሚቀመጠው ሁሉ አራሷ ተነሥታ እንድታጫውተው ይጠብቃል። ድሮ ሴት የበኵር ልጇን እናቷ ቤት ሄዳ በምትወልድበት ጊዜ በር ጠባቂዋ እናቷ ነበረች። ዛሬ በሩ ያንተ ነው። «እማማ፣ አሁን ገና ተኛች፤ እስክትነሣ ቡና ይጠጡ» ብትል የሚቀየም ሽማግሌ አላገኘሁም። እጅ የሚያግዝ ከመጣ ግን እንቢ አትበል፤ የሽንት ጨርቁን ስጠው።

ሕጉ ብዙ አይረዳህም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ለእናቲቱ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ሲሰጥ፣ ለአባት የሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ አዋጅ ስላለው የአስተዳደር ክፍልህን ጠይቅ። ሦስት ቀን ለገንፎ እንኳ አይበቃም።

ስለ ቅቤውም አንድ ነገር ልበል፤ ቅቤው ለአራሷ ነው እንጂ ለሕፃኑ አይደለም። እስከ 6 ወር ድረስ የእናት ጡት ይበቃዋል፤ ይህንንም ለአማትህ በትሕትና ማስረዳት ያንተ ፈንታ ነው። ሚስትህ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ሆድ ቢብሳትና ብታለቅስ አትደንግጥ፤ ብዙዎችን የሚያገኝ ነው። ኀዘኑ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም ሕፃኑን ማየት ከጠላች፣ ወይም ራሷን ስለ መጕዳት ከተናገረች ግን «ጸልዪ» ብለህ አትተዋት፤ ጸሎቱን አንተ ያዝና እርሷን ፈጥነህ ወደ ሐኪም ውሰዳት። በዚህ ነገር ሐኪምንና ጠበልን የሚያጣሉ ሰዎችን አትስማ።

እኛ ቤት ከነፍስ አባታችን ምክር በኋላ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት በሩ ተዘጋ። አማቴ መጀመሪያ «ምን ይሉናል» ብለው ነበር፤ በሁለተኛው ቅዳሜ ራሳቸው ነጠላቸውን ተከናንበው ከሁላችን ቀድመው ተኙ። እኔም ሌሊት በ9 ሰዓት ሕፃኑን ትከሻዬ ላይ አድርጌ አባታችን ሆይ እላለሁ፤ አንዳንድ ሌሊት ከመካከሉ ይጠፋብኝና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

በአርባኛው ቀን በጨለማ ተነሥተን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ልጃችን ክርስትና ተነሣ፤ ማዕተቡ ታሰረለት፤ የክርስትና አባቱም ታቅፎት ወጣ። ስንመለስ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። አማቴ ወጡን እያማሰሉ በጭልፋው ወደ ጓዳው አመለከቱን። እንግዳው ሳሎን ሲበላ እኛ ሦስታችን ተኝተን ነበር።