ወረዳ ሲከፈል የመሬት መዝገቡስ?
የቀድሞው ቡሬ ወንበርማ ወረዳ ቡሬና ወንበርማ ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል። የምዕራብ ጎጃምን የገጠር መሬት ይዞታ የያዘ ሠንጠረዥ በወረዳ ተከፋፍሎ ቢደራጅ፣ የቡሬን ማሳ የሚፈልግ ጥያቄ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ያለውን የጃቢ ጠህናንን ክፋይ አይነካም፤ ፍጥነቱም ከዚህ ይገኛል።

አደጋው የሚመጣው ከዋናው ቁልፍ ነው። በፖስትግሬስኪውኤል የተከፋፈለ ሠንጠረዥ ዋና ቁልፍ የመክፈያውን ዓምድ የግድ ያካትታል። ስለዚህ እንዳይደገም የሚጠበቀው የወረዳና የማሳ ቁጥር ጥምረት እንጂ የማሳ ቁጥሩ ብቻውን አይደለም። በዝውውር ወቅት አንድ ማሳ በሁለቱም ወረዳዎች ቢመዘገብ ሥርዓቱ ዝም ይላል፤ ለገበሬው ግን ጉዳዩ የችሎት ነው። እያንዳንዱን የማሳ ቁጥር ከወረዳው ጋር አንድ ጊዜ ብቻ የሚይዝ ያልተከፋፈለ ሠንጠረዥ ማቆም፣ መዝገቡንም በውጭ ቁልፍ ከዚያ ጋር ማሰር፣ ዝውውሩንም በአንድ ትራንዛክሽን መፈጸም ያስፈልጋል።