መታሰቢያ ስለሚሆነው ስለ ወሎ ኦፓል

ሰው ለሚወደው ሰው መታሰቢያ የሰጠ እንደ ሆነ፥ ዕቃው በዋጋው ብቻ አይመዘንም። የቃል ኪዳን ቀለበት የሰጪው አሳብና የተቀባዪቱ እምነት ተጨምረውበት ሌላ ክብር ያገኛል። ስለዚህ በቀለበቱ ላይ አንዳች ለውጥ ሲታይ ልብም አብሮ ይታወካል።

ለምሳሌ በኮልፌ ቀራንዮ የሚኖር አንድ ጐልማሳ ለእጮኛው የኦፓል ፈርጥ ያለበት ቀለበት ሰጣት እንበል። እርስዋም ቀለበቱን ሳታወልቅ ልብስ ስታጥብ ብትውል፥ እንደ ቀስተ ደመና ሲያብረቀርቅ የነበረው ድንጋይ እንደ ብርጭቆ ጠርቶ፥ ቀለሙም ጠፍቶ ታገኘዋለች። እናትዋ «ልጄ፥ ተታለሻል፤ ሐሰተኛ ነው» ይላሉ፤ ጎረቤት ደግሞ «ክፉ ምልክት ነው» ይላል። በዚህ ብቻ በሁለት ቤተ ሰብ መካከል ቅያሜ ሊገባ ይችላል። ነገር ግን ይህ የድንጋዩ ጠባይ ነው እንጂ የሰጪው ተንኰል አይደለም።

ኦፓል በሀገራችን በሰሜን ሸዋ በመዘዞ አካባቢ በ1980ዎቹ ዓመታት ታውቆ ነበር፤ እጅግ የተወደደው ግን በ2000 ዓ.ም. በወሎ፥ በደላንታ፥ በወገል ጤና አጠገብ የተገኘው ነው። የአገሩ ሰዎች ከጥንት እሳተ ገሞራ በተፈጠረው ዐለት ውስጥ ገደሉን እየፈለፈሉ ያወጡታል፤ ዋሻው ተንዶባቸው ሕይወታቸውን ያጡም አሉ። እንግዲህ በጣት ላይ ያለችው ትንሽ ድንጋይ የብዙ ሰው ድካም ያለባት መሆንዋን ማሰብ ይገባል።

ኦፓል ሲሊካ ከሚባለው ነገርና ከውሃ የተሠራ ነው። በውስጡ በዓይን የማይታዩ ክብ ቅንጣቶች በሥርዓት ተደርድረው ስለሚገኙ፥ ብርሃን በመካከላቸው ሲያልፍ ተከፋፍሎ ቀይ፥ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። የወሎው ኦፓል ደግሞ ረቂቅ ቀዳዳዎች ስላሉት ውሃ ይጠጣል። ውሃው ቀዳዳዎቹን ሲሞላቸው ድንጋዩ ይጠራል፥ ቀለሙም ይሰወራል፤ ሲደርቅ ግን ይመለሳል። ለዚህም እንደ ድንጋዩ መጠን ጥቂት ቀናት፥ አንዳንድ ጊዜም ሳምንታት ይፈጃል።

በከንቱ ምልክት መፍራት በአውሮፓም ነበረ። ዋልተር ስኮት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1829 ባሳተመው ልብ ወለድ መጽሐፍ ውስጥ፥ አንዲት ሴት በጠጕርዋ ላይ ያደረገችው ኦፓል የጠበል ጠብታ ቢነካው ቀለሙ ይጠፋል። ከዚህም በኋላ ብዙ ሰዎች ድንጋዩን ገደ ቢስ ነው ብለው ሸሹት፤ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ግን ኦፓልን መውደድዋን አልተወችም። የጥንቱም የሮማ ጸሐፊ ፕሊኒ እንደሚተርከው፥ ኖኒዩስ የተባለ መኰንን የኦፓል ቀለበቱን ለማርቆስ አንቶኒዮስ ከመስጠት ይልቅ ስደትን መረጠ።

ኦፓል ያላቸው ወይዛዝርት የሚከተለውን ቢጠብቁ ይጠቀማሉ። ከመታጠብ፥ ጠጕር ቅቤ ከመቀባትና ሽቶ ከመርጨት አስቀድሞ ቀለበቱን ማውለቅ ያስፈልጋል፤ ቅባት አንድ ጊዜ ከገባበት እንደ ውሃ ተንኖ አይወጣምና። ድንጋዩ የረጠበ እንደ ሆነ በእሳት ወይም በፀሐይ ላይ አይደረግ፥ ይሰነጠቃል፤ በለስላሳ ጨርቅ ጠርጎ በጥላ ማቈየት ይበቃል። በአቧራ ውስጥ ያለ ደቃቅ አሸዋ ስለሚጭረው፥ ለብቻው በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። የሚገዛም ሰው፥ ጥቁር ሆኖ የሚሸጠው ኦፓል አንዳንድ ጊዜ በጢስ ወይም በቀለም የጠቈረ መሆኑን ዐውቆ ሻጩን ይጠይቅ፤ የጽሑፍ ደረሰኝም ይቀበል።

ከሁሉ በላይ ግን፥ የቀለበቱ ቀለም የተሰወረ ዕለት ለፍርድ አለመቸኰል ነው። ከወገል ጤና ገደል በብዙ ድካም የወጣውን ድንጋይ ጥቂት ቀን ታግሦ መጠበቅ፥ ነገ በትዳር ውስጥ ለሚመጣው ቅሬታ ሁሉ መልካም ልምምድ ይሆናል።