የዳንግላን ዕርዳታ ማን ይጠይቅበት?

እ.ኤ.አ. በጥር 2017 የእንግሊዝ መንግሥት «የኛ» ለተሰኘው የልጃገረዶች የሬዲዮ ድራማና ሙዚቃ ፕሮግራም የሚሰጠውን ገንዘብ አቆመ። አምስት ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የተመደበለት ይህ ፕሮግራም ይሰራጭ የነበረው በአዲስ አበባና በአማራ ክልል ነው። ገንዘቡን ያስቆመው ግን ከዚህ የተነሳ ቅሬታ አልነበረም። የለንደን ጋዜጦች ልጆቹን «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያሉ ደጋግመው አብጠለጠሉ፤ የገዥው ፓርቲ እንደራሴዎችም የግብር ከፋዩ ገንዘብ ለዘፈን ይውላል ወይ እያሉ ወተወቱ፤ በመጨረሻ የእንግሊዝ የዕርዳታ መሥሪያ ቤት ነገሩን ቆረጠው። ድራማው በአማራ ክልል አዊ ዞን ላሉት ለእንጅባራና ለዳንግላ ልጃገረዶች ጠቀመ አልጠቀመ ብሎ እነሱኑ የጠየቀ እንደራሴ፣ ከዚያም ሆነ ከዚህ ወገን፣ አልሰማሁም።

የእንግሊዙን እንደራሴ አልወቅሰውም። መራጩ ግብር ይከፍላል፤ እሱም ገንዘቡ የት እንደገባ በጽሑፍ ይጠይቃል፤ ሚኒስቴሩ ይመልሳል፤ ጥያቄውና መልሱም በምክር ቤቱ መዝገብ ላይ ማንም እንዲያነበው ይታተማል። ዳንግላ ውስጥ በእንግሊዝ ገንዘብ ስለተሠራ ሥራ ዝርዝር የሚፈልግ ሰው ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ይልቅ ከለንደን ድረ ገጽ ቶሎ ቢያገኝ አይግረመው። እኔን የሚያሳስበኝ የእኛ ወገን ጠያቂ ማነሱ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጀት እንዲያጸድቅ፣ አስፈጻሚው የተዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች እንዲያጸድቅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅ ሥልጣን ሰጥቶታል። ሥልጣኑስ አለ፤ ችግሩ ገንዘቡ የሚገባበት መንገድ ላይ ነው።

በፋይናንስ ቢሮ ሰዎች አነጋገር ዕርዳታ የሚገባው በሦስት «ቻናል» ነው። ቻናል አንድ በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል ወደ ክልል ፋይናንስ ቢሮ፣ ከዚያ ወደ ዞንና ወረዳ ይወርዳል፤ በመንግሥት ሒሳብ ውስጥ ይመዘገባል፤ ኦዲተርም ይደርስበታል። ቻናል ሁለት ከለጋሹ በቀጥታ ለጤና፣ ለግብርና ወይም ለውኃ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ነው። ቻናል ሦስትን ለጋሹ ራሱ ወይም የቀጠረው ድርጅት ያወጣዋል። ደመወዙም፣ ላንድክሩዘሩም፣ የሥልጠናው አበልም እዚያው ይከፈላል። ይህ የመጨረሻው በበጀት ሰነድ ላይ የለም ማለት ይቻላል። የምክር ቤት አባሉ በሰኔ የቀረበለትን ረቂቅ ገጽ በገጽ ቢያገላብጥ አያገኘውም፤ ያላየውን ደግሞ እንዴት ብሎ ይጠይቅ?

በበጀት ውስጥ ያለፈውም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ ለጋሾች ለፌዴራሉ መንግሥት በቀጥታ የሚሰጡትን የበጀት ድጋፍ አቆሙ። በምትኩ እ.ኤ.አ. በ2006 የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ የተባለው ፕሮግራም መጣ፤ በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃሉ «ፒቢኤስ» ይሉት ነበር። ገንዘቡ በክልሎች ድጎማ ውስጥ አልፎ ለወረዳዎች ይደርስና የመምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽንና የግብርና ባለሙያዎች ደመወዝ ይሆን ነበር። ብዙዎቻችን የረሳነው አንድ መልካም ነገርም ይዞ መጥቶ ነበር፤ የወረዳ በጀት በሰሌዳ ተጽፎ በአደባባይ እንዲለጠፍ ያደርግ ነበር። ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል፣ ለመንገድ ይህን ያህል። ገበሬው ለገበያ ሲመጣ ቆም ብሎ ሊያነበው፣ ማንበብ ባይችል ልጁ ሊያነብለት ይችል ነበር።

ዳንግላ ላይ አንድ መምህር ደመወዙን ሲቀበል ከመቶ ብሩ ስንቱ ከለንደን፣ ስንቱ ከአዲስ አበባ ግብር እንደመጣ ግን መለየት አይቻልም ነበር። አንድ ቋት የገባ ገንዘብ ቀለም የለውም። ለጋሹ የመምህሩን ደመወዝ ቢሸፍን መንግሥት ከዚያ የተረፈውን ለሌላ ጉዳይ ያውለዋል። የእንግሊዝን መንግሥት ያስጨነቀውም ይኸው ነበር። ከጋምቤላ የተሰደደ፣ «ሚስተር ኦ» ተብሎ ብቻ የተጠቀሰ ገበሬ ያ ገንዘብ እኛን ለማፈናቀል ረድቷል ብሎ ለንደን ላይ ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩ እንዲታይ ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ2015 እንግሊዝ ለፒቢኤስ የምትሰጠውን አቋረጠች። ክሱ የጋምቤላ ይሁን እንጂ የተቋረጠው ድጎማ የሁሉም ወረዳ ነበር፤ የአዊም ጭምር። አንድ ገበሬ መንግሥትን ያህል ነገር ለማስጠየቅ ባሕር ተሻግሮ መክሰስ ግድ የሆነበት ለምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ ግን እዚህ ያነሳው አልነበረም።

አሁን ወደተሻለው ምሳሌ ልምጣ። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በአማራ ክልል፣ አዊን ጨምሮ፣ የገጠር ውኃ ሥራ ስትደግፍ ቆይታለች። እ.ኤ.አ. በ2003 አሠራሩ ተለወጠ። መንግሥት ወይም ተቋራጭ ምንጭ ገንብቶ ለሕዝቡ «አስረክቤያለሁ» ማለቱ ቀረና የማኅበረሰብ ልማት ፈንድ የሚባል መንገድ ተጀመረ። ቀበሌው የውኃ ኮሚቴ ይመርጣል፤ ሴቶች በኮሚቴው አሉበት። ኮሚቴው ማመልከቻ ያስገባል፤ ነዋሪው በጉልበት፣ በድንጋይና በአሸዋ፣ በጥሬ ገንዘብም ድርሻውን ያዋጣል፤ ለጥገና የሚሆን ቁጠባም አስቀድሞ ይከፍታል። ከዚያ ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል በኮሚቴው ስም ይገባ ነበር፤ ተቋሙ ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል። ሲሚንቶውን የሚገዛው፣ ግንበኛውን የሚዋዋለው፣ ደረሰኙን የሚይዘው ኮሚቴው ነው። ጉድጓዱ ላይ አፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ ይተከልና ማን ስንት እንዳወጣ መንደሩ በሙሉ ያውቃል። የሲሚንቶው ከረጢት በስንት እንደተገዛ የምታውቅ ወይዘሮ ለኦዲተር የማታስቸግር፣ ለሌባ ግን የማትመች ናት።

ያን ጊዜ የፊንላንድ እንደራሴ ስለ ገንዘቡ ቢጠይቅ መልሱ ከሄልሲንኪ ቢሮ ብቻ አይመጣም፤ ጉድጓዱ ዳር ያሉ ሰዎችም የሚሉት አላቸው። ይህ መንገድ ኋላ «ኮዋሽ» በተባለው ፕሮግራም ወደ ሌሎች ክልሎችም ሄዷል። በዳንግላ ወረዳ ደንገሽታ ቀበሌም ሌላ ዓይነት ሥራ ነበር። በእንግሊዝ ገንዘብ በተደገፈ የከርሰ ምድር ውኃ ጥናት ገበሬዎች ዝናብ መለኪያውን ራሳቸው በየማለዳው ያነቡ፣ የጉድጓዳቸውንም የውኃ ልክ እየለኩ ይመዘግቡ ነበር። ተመራማሪዎቹ የገበሬዎቹ መዝገብ ከመደበኛ ምንጮች እንደማያንስ በሳይንስ መጽሔት አሳትመዋል።

የክልሎች ነገር ሲነሳ ጉዳዩ ይከብዳል። የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች በሚሰጠው ድጎማ የመጀመሪያ ዓመታት ለአንድ ክልል ተብሎ የሚመጣ ዕርዳታና ብድር ከክልሉ የፌዴራል ድጎማ ላይ ይቀነስ ነበር። ሐሳቡ ለጋሽ የበዛለት ክልል ለጋሽ ከጠፋበት እንዳይበልጥ ነው፤ አንቀጽ 94ም የፌዴራል ዕርዳታ የክልሎችን ተመጣጣኝ ዕድገት እንዳያደናቅፍ ያዛል። ፍትሐዊ ይመስላል፣ በከፊልም ነው። ውጤቱ ግን የክልል ሹም ገንዘቡ በቻናል አንድ እንዲመጣ እንዳይጓጓ ማድረጉ ነበር። ማንስ በራሱ ላይ ያስቀንሳል?

አዊ ትርፍ አምራች ተብሎ የሚመደብ ዞን ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት የተባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም ያተኮረው በወሎ፣ በዋግ ኽምራና በመሰል አካባቢዎች ላይ ነበር፤ ዕርዳታ የረሃብን ካርታ ተከትሎ ይሄዳልና። ይህ ትክክል ነው። ያም ሆኖ በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ጓንጓ ወረዳ ቻግኒ ራንች ሲሰፍሩ ትርፍ አምራቹ ዞን በአንድ ጊዜ ተቀባይ ሆነ። ካርታው ከመስተካከሉ በፊት ቤቱንና እንጀራውን ያካፈለው የጓንጓ ነዋሪ ነው። የፋግታ ለኮማ ገበሬም ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ ለአዲስ አበባ ገበያ ሲያቀርብ ለጋሽ ሲጠብቅ አልኖረም። አዊን የሚወክል እንደራሴ ዞኑ ያመረተውንም የተሸከመውንም ቆጥሮ ድርሻውን የሚጠይቅበት በቂ ምክንያት አለው።

የውጭው በር ደግሞ እየጠበበ ነው። በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. ዕርዳታ ተሰረቀ ተብሎ አሜሪካና የዓለም የምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የምግብ ሥርጭት አቆሙ፤ የሰረቀውም ያልሰረቀውም አብረው ጾሙ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ ዕርዳታ ሲታገድ በዚያ ገንዘብ ይቀጠሩ የነበሩ 5,000 የጤና ባለሙያዎች ውል ተቋረጠ፤ በሐምሌ ዩኤስኤይድ ራሱ ተዘጋ። እንግሊዝም ዕርዳታዋን እ.ኤ.አ. በ2027 ከብሔራዊ ገቢዋ ወደ 0.3 በመቶ ዝቅ እንደምታደርግ አስታውቃለች። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ ዋጋ መመራት ከጀመረ ወዲህ አንድ ዶላር ብዙ ብር ሆኗል፤ ነገር ግን ከውጭ የሚመጣው የፓምፕ ዕቃና ቧንቧም በዚያው ልክ ተሰቅሏል። የጥገና ቁጠባውን በብር ያስቀመጠው ኮሚቴ ከሁሉም በላይ ተጎድቷል።

ስለዚህ ሰኔ ላይ የበጀት ረቂቅ ሲቀርብ የአዊ ተመራጮች ለገንዘብ ሚኒስቴር ይህን ያንሱ፦ በአዊ ወረዳዎች የሚሠሩ የውጭ ፕሮጀክቶች ዝርዝር፣ ገንዘቡ የሚያልፍበት ቻናልና የወጪው ፈራሚ። እንጅባራ የሚቀመጠው የብሔረሰብ ምክር ቤትም ያንኑ ዝርዝር ከዞኑ ጠይቆ በወረዳ ሰሌዳ ላይ ያስለጥፈው። እንደራሴው እስኪነሳ መጠበቅ የማይፈልግ አንባቢም ራሱ መጠየቅ ይችላል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ እንዲጠይቅ መብት ይሰጣል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀናት ውስጥ መመለስ አለበት። ካልመለሰ አቤቱታው እስከ እንባ ጠባቂ ተቋም ድረስ ሊቀርብ ይችላል።