ከምን ቀጥሎ ምን ይታያል? የሕዝብ ቴሌቪዥን የአንድ ቀን ድልድል

የአንድ የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሥራ ሲመዘን ብዙውን ጊዜ የሚታየው የየፕሮግራሙ ይዘት ነው፤ ዜናው ሚዛናዊ መሆኑ፣ ድራማው መሳቡ፣ የልጆች ፕሮግራሙ ለዕድሜያቸው መመጠኑ ይጠየቃል። ከምን ቀጥሎ ምን እንደሚታይ ግን እምብዛም የሚጠይቅ የለም። በሙያው አጠራር የፕሮግራም ድልድል የሚባለው፣ ማለትም የቀኑን ሰዓታት ለልዩ ልዩ ፕሮግራሞችና ለልዩ ልዩ ተመልካቾች የማከፋፈሉ ሥራ፣ ጣቢያው "ሕዝብ" ሲል እነማንን በአሳቡ እንደያዘ ከማናቸውም መግለጫ ይልቅ አጉልቶ ያሳያል።

የሕዝብ ጣቢያ ከንግድ ጣቢያ የሚለየው ገንዘቡ ከመንግሥት በጀት ወይም ከቴሌቪዥን ባለቤቶች ከሚሰበሰብ ክፍያ በመምጣቱ ብቻ ሳይሆን፣ ከዚሁ የተነሣ አስተዋዋቂ የሚፈልገውን ተመልካች መርጦ ሌላውን መተው የማይፈቀድለት በመሆኑም ነው። የቢቢሲ የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር ጆን ሪዝ ያጸኑትና የኢትዮጵያ ጋዜጠኞችም ማሳወቅ፣ ማስተማር፣ ማዝናናት እያሉ የሚጠሩት ሦስትዮሽ ተግባር ከዚህ ግዴታ ጋር የተሳሰረ ነው። ድልድል ምን ያህል በቤተሰብ ኑሮ ውስጥ እንደሚገባም ከዚያው ከብሪታንያ የተገኘ አንድ ምሳሌ ያስረዳል፤ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት የነበረው ሥርጭት፣ ወላጆች ሕፃናትን ያለ ጭቅጭቅ እንዲያስተኙ ተብሎ እስከ 1957 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ ይቋረጥ ነበር። ባዶው ሰዓትም የድልድሉ አካል ነበር ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ቶምሰን በተባለው የብሪታንያ ኩባንያ እገዛ ሥራ ሲጀምር ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ጣቢያው አንድ፣ የሥርጭት ሰዓቱ አጭር፣ ተቀባዩ መሣሪያም ጥቂት በመሆኑ፣ በአንድ ምሽት የሚቀርበው ሁሉ ለሁሉም ነበር፤ ቴሌቪዥን ያለው ቤት የጎረቤት ልጆች የሚሰበሰቡበት ሲሆን፣ የልጆች ጊዜ ሲደርስ አባባ ተስፋዬ በሚል ስም የሚታወቁት ተስፋዬ ሣህሉ ተረት ሲያወሩ ትልቁም ትንሹም አብሮ ያዳምጥ ነበር። አባባ ተስፋዬ ይህን ሥራ ከ40 ዓመት ያላነሰ ጊዜ መሥራታቸው፣ በሥርዓተ መንግሥት ለውጥ ሁሉ ውስጥ ሳይነካ የቆየ ሰዓት ለሕፃናት እንደነበራቸው ያመለክታል። ለልጆች የተመደበው ሰዓት አልፎ ምሽት ሲመጣ ያው ልጅ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ፣ ግማሹን ባይረዳውም፣ የ2 ሰዓቱን ዜና ይሰማል፤ ዜናውን የሚጠብቀው አባትም ቀድሞ የጀመረውን ፕሮግራም ሳይወድ በግድ ያያል። ለማየት ያላሰቡትን ማየት የአንድ ጣቢያ ዘመን ትልቁ ስጦታ ነበር፤ ምንም እንኳ በጊዜው ማንም እንደ ስጦታ ባይቆጥረው።

የጎን ለጎን አቀማመጥ ኃይል በኢትዮጵያ ታሪክ ጎልቶ የታየው ግን በአንድ ምሽት ነው። ብሪታንያዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ስለነበረው ረሃብ የሠራውና በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን የቀረበው ዘገባ፣ ወር እየቆጠረ የአብዮቱ መንደርደሪያ ከሆነ በኋላ፣ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። የቀረበው ግን እንዳለ አልነበረም፤ ሥጋቸው ያለቀ ሕፃናትና በመጠለያ የተኮለኮሉ ገበሬዎች ከቤተ መንግሥት ግብዣና ድሎት ምስሎች ጋር እየተፈራረቁ እንዲታዩ ተደርጎ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም ፊልሙን እንዲያዩ ተጠይቀው እንደነበር ይነገራል፤ በማግሥቱ መስከረም 2 ጠዋት ከሥልጣን መውረዳቸው ተነግሯቸው በቮልስዋገን መኪና ከቤተ መንግሥት ተወሰዱ። በዚያ ምሽት ረሃቡም እውነት ነበር፣ ግብዣውም እውነት ነበር፤ ክሱን የፈጠረው የሁለቱ መጠላለፍ ነው። ረሃቡን ለሕዝብ ማሳየት ከብዙ ወራት በፊት መደረግ የነበረበት ተገቢ ሥራ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ተመልካቹ የሚያመሳክርበት ሌላ ጣቢያ ስላልነበረው፣ ያው የአቀማመጥ ጥበብ በየትኛውም ባለሥልጣን እጅ ሲገባ ማንንም ለማክበር ወይም ለማዋረድ እንደሚውል ቀጣዮቹ ዓመታት አሳይተዋል። በ1977 ዓ.ም. መባቻ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓልና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ ሲከበሩ ጣቢያው ወደ ባለቀለም ሥርጭት የተሸጋገረው፣ ሌላ ከባድ ረሃብ በሰሜን እየተስፋፋ በነበረበት ወቅት ነበር፤ በዚያ ጊዜ ግን ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ አልነበረም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን ልዩ ልዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ በሚያስችል መንገድ እንዲመራ መደንገጉ ስለዚህ ቀላል ነገር አይደለም። ድንጋጌው በተለምዶ የሚነበበው ለክርክርና ለዜና ብቻ እንደወጣ ተደርጎ ቢሆንም፣ ልዩ ልዩ አስተያየቶች ሁሉም በአንድ ሌሊት ማለቂያ ላይ፣ ተመልካች ተኝቶ ሳለ ከቀረቡ ደንቡ በወረቀት ተከብሮ በተግባር እንደቀረ ይቆጠራል፤ ስለዚህ አንቀጹ የሰዓት ጉዳይም ነው።

ጣቢያው በአዋጅ ቁጥር 858/2006 ኮርፖሬሽን ከሆነ በኋላ ባሉት ዓመታት ሥርጭቱ ለዜና፣ ለመዝናኛና ለቋንቋዎች ተብሎ በተለያዩ ቻናሎች ተከፍሏል። ጥቅሙ መካድ የለበትም፤ ቀድሞ ከአማርኛው የምሽት ዜና በፊት በጠባብ ጊዜ ተጨምቀው ይቀርቡ የነበሩት የአፋን ኦሮሞና የትግርኛ ዝግጅቶች፣ እንዲሁም የሶማልኛና የአፋርኛ ዝግጅቶች፣ ሰፋ ያለ ሰዓት አግኝተዋል፤ በራሱ ቋንቋ ለሚሰማ ሰው ይህ የክብር ጉዳይ ነው። የጠፋው ግን በሌላው ቋንቋ ላይ ሳያስቡት መቆየት ነው። የአማርኛውን ዜና የሚጠብቅ ሰው በድሮው ድልድል የሌላውን ቋንቋ ዜና እያየ የከተሞቹንና የሰዎቹን ስም ይለምድ፣ ከዚያው ምስል ላይ ጥቂት ቃላት ይለቅም ነበር፤ ዛሬ ሪሞት በእጁ ስለሆነ ወደዚያ ቻናል የሚሄድበት ምክንያት የለውም። በውጭ አገር ባሉ ተመልካቾች ዘንድ ደግሞ ድልድሉ ፈጽሞ ይፈርሳል፤ የአዲስ አበባው የምሽት 2 ሰዓት ዜና በዋሽንግተን እንደ ወቅቱ እኩለ ቀን ወይም ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ስለሚደርስ፣ አብዛኛው ሰው በሥራ ላይ ውሎ ማታ በዩቲዩብ የሚመርጠው የተቆራረጠ ክፍልን ነው፤ በሳዑዲ ዓረቢያ ያሉት ግን ሰዓታቸው ከአዲስ አበባ ጋር አንድ በመሆኑ እንደ አገር ቤት ሰው በሰዓቱ ሊከታተሉ ይችላሉ።

ቻናሎቹን መልሶ መጨፍለቅ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በመካከላቸው መሻገሪያ ማበጀት ነው። በቋንቋዎች ቻናል የሚቀርብ የአፋን ኦሮሞ ድራማ በሳምንት አንድ ምሽት፣ ከ2 ሰዓቱ ዜና ቀጥሎ፣ በአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ በዜናው ቻናል ላይ ቢታይ፣ የአማርኛውም እንዲሁ በሌሎቹ ቋንቋዎች ጽሑፍ ቢቀርብ፣ የሚጠይቀው ተርጓሚና አንድ ቋሚ ሰዓት ነው። የሰዓቱ ቋሚነት ከሁሉ ይበልጣል፤ የቀጥታ ሥርጭት በረዘመ ቁጥር የሚዘለለው ፕሮግራም የልጆች ወይም የእንዲህ ያለው ድራማ ከሆነ፣ ተመልካቹ በሁለተኛው ሳምንት መጠበቁን ይተዋል።