በክብ መጋዝ የሚደርሰውን የአካል ጉዳት ለመከላከል የማሽን ገዢዎች ድርሻ

በላስታ ደጋ ባሕር ዛፍ ለገበሬው እንደ አንድ ሰብል ከተቆጠረ ቆይቷል። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ ሀገራችን የገባው ይህ ዛፍ ዛሬ ከማገዶነትና ከቤት ማዋቀሪያነት አልፎ ለበር፣ ለመስኮት፣ ለአልጋና ለትምህርት ቤት ዴስክ መሥሪያ ይውላል። ግንዱን ጣውላ የሚያደርገውም እንደ ቀድሞው ሁለት ሰዎች ወዲያና ወዲህ የሚስቡት መጋዝ ብቻ አይደለም። መብራት በደረሰበት ሥፍራ ሁሉ ከብረት ጠረጴዛ መካከል ብቅ ያለ፣ በሞተርና በቺንጋ የሚዞር ክብ መጋዝ እየተተከለ ነው። የተደራጁ ወጣቶች ይገዙታል፤ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ይገዙታል፤ አንዳንድ ጊዜም የገበሬ ማኅበሩ ራሱ በአዋጪነቱ አምኖ ያስገዛዋል። በግዢው ጊዜ ዋጋው ይጠየቃል፣ የሞተሩ ጉልበት ይጠየቃል። ስለ ሠራተኛው ጣት የሚጠየቅበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው።

ላስታ ለእንጨት ሥራ እንግዳ አይደለም። በዋሻ ውስጥ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እንጨትና ድንጋይ እየተነባበረ የተሠራው በ12ኛው መቶ ዓመት ነው። በመጥረቢያና በመሮ የሚሠራ ሰው መሣሪያው የሚንቀሳቀሰው በራሱ ጉልበት ስለሆነ፣ እርሱ ሲደክመው መሣሪያውም ይደክማል፤ እጁ ሲቆም መሣሪያውም ይቆማል። ክብ መጋዝ እንዲህ አይደለም። ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ መጋዝ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር የጥርሶቹ ፍጥነት በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። መጋዙ 40 ጥርስ ያለው ከሆነ በአንዲት ሰከንድ ውስጥ 2,000 ጥርሶች በአንድ ነጥብ ላይ ያልፋሉ። ሰው ደንግጦ እጁን እስኪሰበስብ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይወስድበታል። በዚያች ቅጽበት 400 ጥርሶች አልፈዋል። ስለዚህ “ሠራተኛው ጠንቃቃ ከሆነ ምንም አይሆንም” የሚለው አነጋገር ብዙ አያስኬድም። ጠንቃቃነት አስፈላጊ ቢሆንም ከማሽኑ ፍጥነት ጋር ሊሽቀዳደም አይችልም።

ጉዳቱ በከተማ ሥራ ቤት ቢደርስም ኪሳራው የሚያርፈው በገበሬው ቤት ላይ ነው። በላሊበላ ከተማና በአካባቢዋ በእንጨት ሥራ ከሚተዳደሩት ወጣቶች ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ናቸው። ክረምት ሲገባ ወደ ወላጆቻቸው ማሳ የሚመለሱም አሉ። አውራ ጣቱን ያጣ ሰው እርፍ ለመጨበጥ፣ ማጭድ ለመያዝ፣ ጭነት ለመጠፈር ይቸገራል። የአንድ እጅ ጉዳት የአንድ ጥማድ በሬ ያህል ጉልበት ከቤተሰቡ ይቀንሳል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በክብ መጋዝ ላይ የሚደርሰው አደጋ በዋናነት በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው እጅ በቀጥታ መጋዙን ሲነካ ነው። ሁለተኛውና ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ እንጨቱ ወደ ኋላ ሲወረወር ነው። የመጋዙ የፊት ጥርሶች ወደ ታች እየገዘገዙ ሲወርዱ የኋላ ጥርሶቹ ከጠረጴዛው ሥር ወደ ላይ ይወጣሉ። ጣውላው ከተሰነጠቀ በኋላ መልሶ ከገጠመና የኋላውን ጥርስ ከቆነጠጠ፣ ጥርሱ እንጨቱን አንሥቶ ወደ ሠራተኛው ይወረውረዋል። የተወረወረው ጣውላ ደረትን ወይም ሆድን ይመታል። ከዚህ የከፋው ግን እንጨቱን የያዘው እጅ አብሮ ተጎትቶ መጋዙ ላይ መውደቁ ነው። ብዙ ሰዎች “እጄ እንዴት እንደ ሄደ አላውቅም” የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው።

የባሕር ዛፍ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ በመሆኑ በግንዱ ውስጥ ትልቅ ውጥረት ይይዛል። የቆመውን ዛፍ ሲያዩት ይህ አይታወቅም። ግንዱ ተቆርጦ ሲሰነጠቅ ግን ውጥረቱ ይለቀቅና አንዱ ጣውላ ወደ ውጭ ይቀለበሳል፣ ሌላው ወደ መጋዙ ይጠጋል። ጫፉ በራሱ ጊዜ ሲተረተር ያየ ሰው ሁሉ ይህን ጉልበት ያውቀዋል። እንግዲህ መጋዙን ለመቆንጠጥ እጅግ የሚመቸው እንጨት፣ በደጋችን በብዛት የሚሰነጠቀው ይኸው ባሕር ዛፍ ነው ማለት ነው።

ለዚህ ችግር መፍትሔው የቆየና ርካሽ ነው። ከመጋዙ በስተጀርባ፣ ከጥርሱ ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ርቆ የሚቆም ጠፍጣፋ ብረት አለ። መለያያ ብረት ብንለው ያስኬዳል። ሥራው የተሰነጠቀው እንጨት መልሶ እንዳይገጥም በመካከሉ መቆም ብቻ ነው። ውፍረቱ ከመጋዙ ገላ ጥቂት የሚበልጥ፣ ጥርሱ ከሚከፍተው መንገድ ጥቂት የሚያንስ መሆን አለበት። ከዚህ ከቀጠነ እንጨቱ ይገጥማል፤ ከወፈረ እንጨቱ አላልፍ ይላል። ስለዚህ ከወዳደቀ ላሜራ በግምት የሚቆረጥ ነገር ሳይሆን ተለክቶ የሚሠራ ነው።

ይሁንና ከማሽኑ ጋር የመጣው መለያያ ብረትና የመጋዙ ክዳን ተፈትተው በሥራ ቤቱ ጥግ ሰጋቱራ ለብሰው መገኘታቸው የተለመደ ነው። ሠራተኞቹን በስንፍና መውቀስ ግን ተገቢ አይሆንም። ክዳኑ የተሰመረውን መስመር ይጋርዳል፤ ቀጭን ዘንግ ሲሰነጠቅም እጅ ማለፊያ ያሳጣል። እውነት ነው። መለያያው ብረት ግን ምንም አይጋርድም። ሁለቱ በአንድ ቡሎን አብረው የሚታሰሩበት ማሽን ላይ ክዳኑን የጠላ ሰው ብረቱንም አብሮ ያወልቃል፤ ጥፋቱ ያለውም ከዚህ ላይ ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት አንድ ማኅበር ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማስከበር ቢያቅተው በመለያያው ብረት ይጀምር።

ሁለተኛው የአካባቢያችን ልዩ ችግር የመብራት መቆራረጥ ነው። ላሊበላና አካባቢዋ በጦርነቱ ምክንያት በ2014 ዓ.ም. ለወራት ያለ መብራት መቆየታቸው ይታወሳል። ያ ያለፈ ነገር ቢሆንም መብራት ሄዶ የሚመለስበት ጊዜ አሁንም አለ። መብራት ሲሄድ መጋዙ ይቆማል። ሠራተኛው ሰጋቱራውን ለመጥረግ ወይም የተወተፈውን ስንጣሪ ለማውጣት እጁን ያስገባል። ማብሪያው እንደ ቤት አምፖል ተራ ማብሪያ ከሆነና ካልተመለሰ፣ መብራቱ ድንገት ሲመጣ መጋዙ በራሱ ይነሣል። ይህን የሚከላከለው የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ኮንታክተር የሚሉት መሣሪያ ነው። ኃይል ሲቋረጥ በራሱ ይለቅቃል፤ ኃይል ቢመለስም አረንጓዴው ቁልፍ በሰው እጅ ካልተጫነ ማሽኑ አይነሣም። ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍም ሠራተኛው ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ፣ ቢቻል በጉልበቱ ሊነካው በሚችልበት ቦታ ማድረግ ይገባል። ይህ ሁሉ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ወጪ ነው።

በውጭው ዓለም ስለ ተሠራውና ጣት ሲነካው በቅጽበት ስለሚቆመው መጋዝ የሰሙ ወጣቶች፣ ይህ ማሽን ለምን አይመጣልንም ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስቲቭ ጋስ የተባለው አሜሪካዊ የፊዚክስ ባለሙያና የፈጠራ መብት ጠበቃ የዚህን መጋዝ ሐሳብ ያፈለቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በመጋዙ ላይ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምልክት እንዲኖር ያደርጋል። የሰው አካል ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስለሆነ ጣት ጥርሱን ሲነካ ምልክቱ ይለወጣል፤ በዚያው ቅጽበት የአልሙኒየም ጉማጅ በመወጠሪያ ተገፍቶ በጥርሱ ውስጥ ይሰካል። መጋዙ ከ5 ሺህኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆምና ከጠረጴዛው ሥር ይሰምጣል። ሰውዬው በቋሊማ ብዙ ጊዜ ካሳየ በኋላ በገዛ ጣቱ ሞክሮታል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ሐሳቡን ስላልተቀበሉት ሳውስቶፕ የተባለ ኩባንያ ከባልደረቦቹ ጋር አቋቁሞ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማሽኑን ለገበያ አቅርቧል። በአሜሪካ በዓመት 30 ሺህ ያህል ሰዎች በጠረጴዛ ክብ መጋዝ ስለት ቆስለው ወደ ድንገተኛ ሕክምና እንደሚሄዱ የዚያ አገር የሸማቾች ደኅንነት ኮሚሽን ገምቷል። ባለጸጋው አገርም ከዚህ ችግር ነፃ አልሆነም ማለት ነው።

ሆኖም ይህን ማሽን ወደ ላስታ ለማምጣት የሚያስብ ማኅበር አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። መሣሪያው አንድ ጊዜ ከሠራ ጉማጁም መጋዙም ይለወጣሉ። በጣም እርጥብ የሆነ እንጨት ወይም በእንጨቱ ውስጥ የቀረ ምስማር እንደ ጣት ሊቆጠርና ሊያስቆመው ይችላል። ከተቆረጠ ጥቂት ቀን ብቻ የሆነው ባሕር ዛፍ በሚሰነጠቅበት ሥራ ቤት ይህ በተደጋጋሚ ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ ሠራተኛው ተከላካዩን አጥፍቶ መሥራት ይጀምራልና ለመከላከያው የተከፈለው ገንዘብ ከንቱ ይሆናል። ከሁሉም በላይ ይህ ፍሬን የእንጨቱን ወደ ኋላ መወርወር አያስቀርም። ስለዚህ ሳውስቶፕ ባለው ሥራ ቤትም መለያያው ብረት ከቦታው አይነሣም። ጣውላን በጥላ ሥር፣ በየመካከሉ ዘንግ እየገባበት ከምሮ ማድረቅ የተለመደባቸው ማኅበራት ግን እንጨታቸው ዋጋው ከፍ ይላል፤ ወደ ፊት እንዲህ ላለው ማሽንም የተዘጋጁ ይሆናሉ።

አሠራሩንም በሚመለከት ጥቂት ነገር መናገር ያስፈልጋል። ያልተጠረበ ክብ አጣና በጠረጴዛ መጋዝ ላይ በእጅ ይዞ መሰንጠቅ እጅግ አደገኛ ነው፤ ጥርሱ ሲይዘው ይሽከረከራል፣ እጅንም ይዞ ይሄዳል። አስቀድሞ አንድ ጎኑ መደልደል ወይም በቀጥ ያለ ጣውላ ላይ መታሰር አለበት። ትልቅ ግንድ ሲሰነጠቅም ከአንድ ጎን ብቻ ከመግፈፍ ከግራና ከቀኝ እያፈራረቁ መሄድ የግንዱን ውጥረት ያመጣጥናል። የመጨረሻው 30 ሳንቲ ሜትር በእጅ አይገፋም፤ ጫፉ የተነደለ የግማሽ ሜትር ያህል መግፊያ እንጨት ያስፈልጋል። ይህን ማንኛውም አናጢ ከቁርጥራጭ በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራዋል። ዋናው ነገር ከማሽኑ አጠገብ በገመድ ተንጠልጥሎ መገኘቱ ነው፤ ፈልጉኝ የሚል መግፊያ ማንም አይፈልገውም።

ጣውላውን ከኋላ የሚቀበለው ረዳት ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው። ከመጋዙ እስከ ጠረጴዛው ጫፍ ቢያንስ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር እንዲኖር ጠረጴዛው በእንጨት ቢረዝም የረዳቱ እጅ ወደ ጥርሱ አይደርስም። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነውን ልጅ በዚህ ቦታ ማሠራት ግን ከመጀመሪያው ትክክል አይደለም።

የደጋው ብርድ ጋቢ ያስለብሳል። በማሽን ላይ ግን ጋቢ፣ ነጠላ፣ የአንገት ልብስና የተንዘረፈፈ እጅጌ ከቺንጋው ወይም ከመጋዙ ጋር ሊጠመጠሙ ይችላሉ። ጓንትም እንደዚያው ነው። ብዙ ሰው ጓንት እጅን ይጠብቃል ብሎ ያምናል፤ በሚዞር ጥርስ ላይ ግን ጓንቱ ሲያዝ እጅን ጎትቶ ያስገባል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስረዳና የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ተደራጅተው ለራሳቸው የሚሠሩ ወጣቶች ግን አሠሪም ሠራተኛም ራሳቸው ስለሆኑ ይህን ግዴታ የሚያስታውሳቸው ሌላ ወገን የላቸውም። ክፍተቱን መሙላት የሚችለው ማሽኑን የሚያስገዛው ወይም ዴስክና በር የሚያሠራው ማኅበር ነው። የግዢ ኮሚቴው በመጠየቂያው ላይ መለያያ ብረት፣ የመጋዝ ክዳን፣ የቺንጋ መሸፈኛና ኮንታክተር ያለው ማብሪያ ብሎ ይጻፍ። ርክክብ በሚደረግበት ዕለት እነዚህ ከማሽኑ ላይ ታስረው ካልታዩ አይፈረም። ሥራ የሚሰጥ ማኅበርም የመጀመሪያውን ክፍያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ሰው ልኮ የመጋዙን ጀርባ ማየት ይችላል። ለማየት ባለሙያ መሆን አያሻም፤ ብረቷ ወይ አለች ወይ የለችም።

አደጋ ከደረሰም የሥራ ቤቱ ሰዎች ማድረግ ያለባቸውን አስቀድመው ይወቁ። ቡና ወይም አፈር ቁስሉ ላይ አይነሰንስም። ንጹሕ ጨርቅ ተደርጎ በኃይል ይጫናል፤ እጁ ከደረት በላይ ከፍ ይደረጋል። የተቆረጠ ጣት ካለ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በላስቲክ ውስጥ ይታሰራል፤ ላስቲኩም በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ጣቱ ራሱ ውኃ ወይም በረዶ ውስጥ አይገባም። ከጉዳተኛው ጋር አብሮ ወደ ሆስፒታል ይላካል። ተሽከርካሪ ያለው ሰው ስልክ ቁጥር በሥራ ቤቱ በር ላይ በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ።